ዳልቻ ሙሽራ የጫነች ዕለት

ባለቤቴ አበጀ ካረፈ በዐሥረኛው ወር የሆነ ነው። ዐቢይ ጾም ሳይገባ በቀረችው የመጨረሻዋ የሠርግ እሑድ፣ ከአርብ ገበያ ወዲህ ባለች አንዲት የገጠር ቀበሌ። ስምንት ዓመት አልፎታል። ያን ጠዋት የሳቅኩትን ሳቅ ግን እስካሁን አልጨረስኩትም፤ አንዳንዴ ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ይመጣብኛል። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈውና ታገሡኝ።

የምኖረው ንፋስ መውጫ ነው። አስተማሪ ነኝ። አበጀ የእንስሳት ሐኪም ነበር፤ በጋይንትና በስማዳ የእሱ እጅ ያልነካው በሬ ጥቂት ነው። ከከብት ጋር ስለሚውል ለመኪናችንም እንደ በሬ በመልኳ ስም አወጣላት። ግራጫ ናትና «ዳልቻ» አላት። ከፊት ሦስት ሰው ተጠጋግቶ የሚቀመጥባት፣ የቀረው ከኋላ የሚጫንባት ፒካፕ ናት። ስንገዛትም አሮጌ ነበረች።

ዕዳዋን በሁለት ደመወዝ ስድስት ዓመት ከፈልን። የመጨረሻውን የከፈልን ቀን አበጀ ዳልቻን አጠባት፤ እኔን ከጎኑ አስቀመጠና ከተማውን እንደ ታቦት ሦስት ጊዜ ዞርነው። ሰው «ምን ሆናችሁ?» ሲል እሱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ከዛሬ ጀምሮ ከእኛ በቀር ጌታ የላትም!» ይላል። እኔ በኀፍረት ፊቴን ሸፍኜ እስቃለሁ። ከዚያ ወዲያ ዳልቻ ነዳጅና ዘይት እንጂ ሌላ ነገር ጠይቃን አታውቅም። በዚያ በጋይንት ውርጭ፣ ጠዋት ቁልፍ ሲያዞሩላት ያለ ማመንታት «እሺ» የምትል መኪና ደጅ ላይ መኖሯ እንዴት ያለ ደስታ እንደሆነ ያልኖረበት አያውቀውም።

አበጀ አንድ ልማድ ነበረው። ዳልቻን ሲያቆም ሁልጊዜ አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለት ያዞራል። «ተገፍታ የማታውቅ መኪና ቁልቁለት ምን ያደርግላታል?» እለዋለሁ። «ሰው ንስሐ የሚገባው ጤነኛ ሳለ ነው» ይለኛል። እኔንም ገበያ በማይቆምበት ቀን በባዶው የገበያ ሜዳ ላይ መንዳት ሲያስተምረኝ፣ ከመሪው አስቀድሞ ያስተማረኝ አቋቋሟን ነው።

እሱ ሲያርፍ ዘመዶቹ ሁሉ «ሽጫት» አሉኝ። ከሁሉ የበረቱት አጎቱ አያ ሙጬ ነበሩ። «ልጄ፣ ባል የሌላት ሴት መኪና ይዛ ምን ልትሆን ነው? ነገ መንገድ ላይ ጥላሽ ትቀራለች። ገዢውን እኔ አመጣልሻለሁ» ይሉኛል፣ በመጡ ቁጥር። ሐዘን ሰውን ያደክማል። በመጨረሻ «እሺ፣ ከሠርጉ ማግስት ሰኞ ሰውየው ይምጣ» አልኳቸው። ያን ካልኩ በኋላ ዳልቻን ፊት ለፊት ማየት አፈርኩ።

ሠርጉ የስመኝ ነው። ስመኝ የአበጀ እኅት የጥሩዬ ልጅ ናት፤ አበጀ እንደ ልጁ ያያት ነበር። ሙሽራው እዚያው ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ከሚባለው የዜማ ትምህርት ቤት ድጓ የተማረ ዲያቆን ነው። ዲያቆን ቅስና የሚቀበለው በተክሊል፣ በቁርባን ሲያገባ ነው። ተክሊሉ ደግሞ ከቅዳሴው ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሙሽሮቹ ቅዳሴ ሳይገባ ቤተ ክርስቲያን መድረስ አለባቸው፤ ካረፈዱ ቀረ። ያቺ እሑድ ካመለጠች ጾሙ ይገባል፣ እስከ ፋሲካ ማዶ ሠርግ የለም። በሬው ታርዷል፣ ጠላው ተጠምቋል፣ እንግዳው ተጠርቷል። ስመኝ የምታገባው ወይ ያን ጠዋት ነው፣ ወይ ከሁለት ወር በኋላ ነው።

እኔ ቅዳሜ ከሰዓት በዳልቻ ጠላና ዕቃ ጭኜ ደረስኩ። ጥቁር ለብሻለሁ። ሐዘንተኛ ሙሽራ አጠገብ አይቀርብምና ጓዳ ገብቼ ሽንኩርት መክተፍ ያዝኩ። ለሐዘንተኛ ከሽንኩርት የተሻለ ሥራ የለም፤ ብታለቅስ ማንም ምን ሆንሽ አይላት።

ማምሻውን የሙሽራው ወገን ሙሽራዋን ይዞ የሚሄደውን መኪና ላኩ። ከባሕር ዳር የተከራዩት ነጭ፣ ፊት የሚያሳይ አዲስ መኪና ነው፤ ሪባንና የፕላስቲክ አበባ ተደርጎበታል። ሾፌሩ ፀሐይ ጠልቃም ጥቁር መነጽሩን ያላወለቀ ጎረምሳ ነው። ሁለት ሚዜዎችም አብረውት መጥተዋል። መንደሩ መብራት የለውም። ሚዜዎቹ አራቱንም በር ከፍተው የመኪናውን ቴፕ ለቀቁት፤ አገሩ በሠርግ ዘፈን ተናወጠ። ሰው ሁሉ መኪናውን ከቦ ጨፈረ።

ከሁሉ አብልጠው የጨፈሩት አያ ሙጬ ናቸው። «ይቺ ናት መኪና! ትዘፍናለች!» አሉ እስክስታቸውን እያወረዱ። ቀጥለው በአገጫቸው ወደ ዳልቻ አመለከቱ። «ያቺ ደግሞ ታስላለች!»

ሰው ሳቀ። እኔ በጓዳው በር ሰምቼ ወደ ሽንኩርቴ ተመለስኩ።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ስመኝ ካባዋን ደርባ ወጣች። ሾፌሩ ቁልፉን አዞረ። «ጠቅ» አለ መኪናው። ደግሞ አዞረ። «ጠቅ።» ባትሪው በዘፈን አልቋል።

«እንግፋት!» አሉ አያ ሙጬ እጅጌያቸውን ሰብስበው።

«አባባ፣ ይቺ አውቶማቲክ ናት። ተገፍታ አትነሣም፤ ከሌላ ባትሪ የሚያገናኝ ገመድም አልያዝኩም» አላቸው ሾፌሩ።

«ካልዘፈነችና ካልተነሣች ታዲያ ምኗ ነው መኪና?»

ሚዜዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ «በበቅሎ እንውሰዳት» አለ። በበቅሎ ሁለት ሰዓት መንገድ ነው፤ ቅዳሴ ሊገባ የቀረው አንድ ሰዓት አይሞላም። ጥሩዬ እናቷ ራሷን ይዛ መሬት ላይ ቁጭ አለች። «ልጄን! ልጄን! ባንድ ሌሊት ዘፈን ሸጣችኋት!»

እኔ የጓዳውን በር ተደግፌ ቆሜ ነበር። ስመኝ ካባዋን በሁለት እጇ ሰብስባ ቀጥ ብላ ወደ እኔ መጣች። ወደ ኋላ አልኩ፤ ጥቁሬ እንዳይነካት ብዬ።

«እታለም፣ ዳልቻ አለች አይደል?» አለችኝ፤ ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ነው የምትጠራኝ።

አያ ሙጬ ቀድመው ጮኹ። «ሙሽራ በሐዘን ቤት መኪና? ክፉ ምልክት ነው! አይሆንም!»

የስመኝ የነፍስ አባት መምሬ ታረቀኝ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሲያዩ ቆይተው ተናገሩ። «ሙጬ፣ ሐዘን ያለው ሰው ላይ ነው። ብረት ማቅ ለብሶ አይተህ ታውቃለህ? ትናንት በዚችው መኪና የመጣውን ጠላ ስትጠጣስ ሐዘን ሐዘን አለህ?»

«እሱማ… ጠላው ጥሩ ነበር» አሉ አያ ሙጬ።

ጥሩዬ ከመሬት ተነሣች። በጥለት የተንቆጠቆጠ ነጠላዋን አውልቃ በጥቁር ልብሴ ላይ ጣለችብኝና በትከሻዬ ላይ አስተካከለችው። «ወንድሜ ቢኖር ማን ነበር የሚያደርሳት?» አለችኝ።

ሾፌሩ ሪባኑንና አበባውን ከነጩ መኪና ፈትቶ ዳልቻ ላይ አሰረ። ስመኝና መምሬ ታረቀኝ ከእኔ ጋር ከፊት ገቡ። ጥሩዬ፣ ሚዜዎቹና ሾፌሩ ከኋላ ወጡ። የፊት መስታወቱ ላይ የተጋገረውን ውርጭ በእጄ ጠረግኩ። ዳልቻ ከቅዳሜ ጀምሮ፣ እንደ ልማዷ፣ አፍንጫዋ ወደ ቁልቁለት ሆኖ ቆማለች፤ ከኋላዋ የገብስ ጭድ ተቆልሏል።

አያ ሙጬ አምስት ስድስት ጎረምሳ ሰብስበው ጭዱ ላይ ቆሙና ዳልቻን ከኋላ ተደገፏት። «ይቺማ በራሷ አትነሣም! ባለ በሌለ ኃይላችሁ! ልጄ፣ እኛ ሦስት ስንል አንቺ… አንድ! ሁለት!»

እኔ ሦስትን አልጠበቅኩም። አልጠበቅኩም ያልኩት በተንኮል አይደለም፤ እጄ በለመደው ሰዓት ቁልፉን አዞረ። ዳልቻ «እሺ» አለች። ቁልቁለቱን ይዛ ወጣች። ከኋላ ሰባት ወንዶች በሙሉ ኃይላቸው የገፉት ባዶ አየር ሆነ።

በጎን መስታወቱ አየኋቸው። ባንድ ላይ፣ እንደ ታጨደ ገብስ፣ ጭዱ ውስጥ ተነጠፉ። አያ ሙጬ ከመካከል ቁጭ ብለው ቆባቸው ዓይናቸውን ሸፍኖት «ሦስት!» ይላሉ።

ከሆዴ የሆነ ነገር ወጣ። መጀመሪያ ሳል መሰለኝ። ዐሥር ወር ሙሉ ከእኔ ያልተሰማ ድምፅ ነው።

«እታለም፣ እየሳቅሽ ነው?» አለች ስመኝ።

«አይደለም» አልኳት፣ እንባዬ በጉንጬ እየወረደ። እሷም ሳቀች። መምሬ ታረቀኝ ወደ መስኮቱ ዞረው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

«ቁሙ! ሽማግሌ ጥላችሁ!» እያሉ አያ ሙጬ ሲሮጡ ዳልቻን ቀዝቀዝ አደረግኳት፤ ሚዜዎቹ በሁለት ክንዳቸው ይዘው እንደ ጆንያ ወደ ላይ አወጧቸው። እልልታው ቀለጠ። ዘፈኑን አሁን የሚያወጡት ሚዜዎቹ ራሳቸው ሆኑ፤ ባትሪም አላስፈለገ።

መንገዱ ላይ አንድ ክፉ ቁልቁለት አለ። በአንድ በኩል ገደል ነው። ብቻዬን ወርጄው አላውቅም። ከኋላ ሾፌሩ ጣሪያውን እየደበደበ «እመቤቴ፣ በአንደኛ! በአንደኛ ማርሽ!» ይላል። ሳቄ ጠፋ። ስመኝ ጉልበቴን ጨብጣለች። አበጀ ሲያስተምረኝ የሚላት ነገር ትዝ አለችኝ፦ «ገደሉን አትዪው፤ እጅ ዓይን ወዳየበት ይሄዳል።» መንገዱን ብቻ አየሁ። ዳልቻ እንደ ጥሩ በሬ፣ እግሯን እየለካች ወረደች።

ከታች አንድ ገበሬ ከማሳው እየሮጠ መንገድ ላይ ወጣ። «ሐኪም! ሐኪም!» ይላል፣ ዳልቻን አይቶ። ስንደርስበት እኔንና ሙሽራዋን አየ። እጁን አፉ ላይ ጫነ። ቀጥሎ ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ላይ ወረወረና በወንድ ድምፁ እልል አለ። ለማን እንደሆነ እኔ አወቅኩ።

ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ስንደርስ ሦስተኛው ደወል እየተደወለ ነው። ሙሽራው ደጀ ሰላሙ ላይ እንደ አመድ ነጥቶ ቆሟል። ስመኝ ስትወርድ ሲያያት ድጓ የለመደ አፉ አንዲት ቃል አላገኘም። እጇን ይዞ ገባ። ቅዳሴው ተገባ።

እኔ ውጭ፣ ከዳልቻ አጠገብ ቆሜ አስቀደስኩ። እጄን ኮፈኗ ላይ ጣልኩ፤ ይሞቃል። አክሊሉ ሲደፋላቸው የሴቶቹ እልልታ ከውስጥ ተሰማኝ። «አበጀ፣ አደረስናት» አልኩ በልቤ።

ቅዳሴው ሲያልቅ አያ ሙጬ መጡ። ጢማቸው ውስጥ ገና ጭድ አለ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ስሚ ልጄ… ያ የሰኞው ሰውዬ።»

«አዎ፣ ነገ ይምጣ» አልኳቸው፣ ላበሽቃቸው ብዬ።

«ይምጣና እግሩን እሰብረዋለሁ!» አሉ።

ሰኞ ማንም አልመጣም።

ዛሬ የስመኝ ባል ቄስ ነው። ሦስቱም ልጆቻቸው ለክርስትና የሄዱት በዳልቻ ነው። አያ ሙጬ አርጅተዋል፤ አርብ ገበያ ስወስዳቸው ከፊት ካልሆነ አይቀመጡም፣ ለሰው ሁሉም «መኪና እንዲህ ነው፤ ዘፈን ምን ያደርጋል?» እያሉ ይመክራሉ። አበጀን መናፈቄ አልቀነሰም፤ የሚቀንስም አይመስለኝም። ግን በየማለዳው ደጄ ስወጣ እሱ እንዳስተማረኝ አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለት ያቆምኳት ዳልቻ ትጠብቀኛለች።

ቁልፉን ከማዞሬ በፊት በመስታወቱ ወደ ኋላዬ አያለሁ። የሚገፋ ሰው ካለ እንዳይወድቅ ብዬ ነው።