ከፍራንክፈርት ሮም ስንት ሰዓት ነው?

ትናንት ጎረቤታችን ጀማል ሚስት ሊያጭ ከሐይቅ ወደ አምባሰል ይዞን ወጣ። ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ እኔና እናቴ ከኋላ... አንድ ሚኒባስ ሞልተን።

ጀማል የሚኖረው ፍራንክፈርት ነው። እህቴ ከድጃ ደግሞ ሮም ነበረች። አንድ ግቢ ያደጉ፣ ከአንድ ትሪ የበሉ ልጆች ናቸው። የዛሬ ሦስት ዓመት ከድጃ ታማ ሆስፒታል ስትገባ እናቴ ደወለችለት። «ልጄ፣ ከኛ አንተ ትቀርባታለህ። ሂድና ዓይኗን እይልኝ» ብላ ለመነችው።

«እማማ፣ አውሮፓ አንድ መንደር ይመስልዎታል እንዴ? ከዚህ ሮም የሁለት ቀን መንገድ ነው... አይሆንልኝም» አላት።

ከድጃ ብቻዋን ሞተች። አላህ ይዘንላት። እናቴ ግን እስከ ትናንት ድረስ «ምን ያድርግ፣ አገሩ ሩቅ ነው» እያለች ዱአ ታደርግለት ነበር።

እኔ ባለፈው ክረምት ስልኬ ላይ ርቀቱን ፈለግሁት። ሺህ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። በረራው ሁለት ሰዓት አይሞላም! እኛ ከሐይቅ አዲስ አበባ ለመግባት አውቶቡስ ላይ ቀኑን ሙሉ እንውላለን...

ለእናቴ አልነገርኳትም። ከራሱ አፍ እንድትሰማው ፈለግሁ። ጠበቅሁት።

ትናንት ምሳ ተበልቶ የልጅቷ አባት ስለ አውሮፓ ኑሮ ሲጠይቁት የጀማል ወሬ ደራ። እኔም ቀስ ብዬ ገባሁ።

«ጀማል፣ ኮትህ ያምራል። ከየት ነው?»

«ከሮም ነዋ!»

«ለኮት ብለህ ሮም ድረስ?»

«አቦ፣ ሮም እኮ ለኛ እንደ ደሴ ናት! ጠዋት ከፍራንክፈርት ተነሥቼ ማታ ቤቴ ነኝ። አውሮፕላኑ ሁለት ሰዓት እንኳ አይፈጅበትም።»

ቤቱ ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም።

«ስንት አልከኝ?» አለችው።

ፊቱ አመድ መሰለ። «እማማ... ያኔ እኮ...»

«ከድጃዬ እስትንፋሷ እስኪወጣ በር በሩን ታይ ነበር አሉኝ» አለች እናቴ። ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

የልጅቷ አባት ምን እንደሆነ ጠየቁ። አንዲት ሳላስቀር ነገርኳቸው። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው፣ «አብራው ያደገችን ልጅ እንዲህ ያደረገ፣ የኔ ልጅ በሰው አገር ብትወድቅ ሊያነሣት ነው? በሉ፣ በሰላም ግቡ» ብለው ተነሡ። ሽማግሌዎቻችን ቀና ማለት አቃታቸው።

ሐይቅ ገብተን ስንወርድ ጀማል እናቴ እግር ላይ ወደቀ። እሷ ቀሚሷን ሰበሰበች።

«ለቀብሬም እንዳትመጣ» አለችውና ወደ ቤቷ ገባች።

ቂም እንቅልፍ ይነሳል ሲሉ እሰማ ነበር... ወላሂ እኔ ዛሬ ፀሐይ ናላዬን እስክትመታኝ ተኝቻለሁ።