በውሰት ያለቀችው መኪና

ባለቤቴ የምትኖረው ዴራ፣ እኔ አሰላ። ተጋብተን ሁለት ቤት የምንከራይ ጉዶች ነበርን። ጃንሆይ ገና በዙፋናቸው ሳሉ ነው። እሷ የዴራ ክሊኒክ ነርስ ናት፤ እኔ ከጎጃም ተመድቤ የመጣሁ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነኝ። ዝውውር ብንጠይቅ በእሷ ምትክ የሚሄድ ሰው እስኪገኝ ታገሡ ተባልን። ሰው ሳይገኝ እሷ አረገዘች። ቅዳሜ ቅዳሜ በጭነት መኪና ላይ፣ በበቆሎ ጆንያ መሀል ተቀምጣ ወደ እኔ ዳገቱን ትወጣለች። አንድ ቅዳሜ ስትወርድ እግሯ ከጎማው ላይ አዳለጣት። አልወደቀችም፤ እኔ ግን እዚያው ቆሜ ማልኩ። ወሯ ሲገባ አሰላ ሆስፒታል የማደርሳት እኔ ራሴ ነኝ፤ በገዛ መኪናዬ።

ችግሩ መኪና አልነበረኝም።

ያገኘኋት ወደ አገሩ ሊመለስ ጓዙን ከሚሸክፍ አንድ የውጭ አገር መምህር ነው። ከወፍጮ ቤት ጀርባ ሣር የበቀለባት፣ ሞተሯ ከኋላ የሆነ ሚጢጢ የጣሊያን መኪና ናት። በጥንድ በሬ አስጎትቼ ወደ ተከራየሁበት ግቢ ሳስገባት ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ሞተሯን እንደ ልጅ አዝላለች እያለ ሳቀ። ይሳቁ ብዬ በሬዎቹን ፈታሁ። አጎቴ ደብረ ማርቆስ ጋራዥ ስለነበረው ቁልፍና ካቻቢቴ ይዤ ነው ያደግሁት። ከሥራ መልስና እሑድ እሑድ ብሠራባት፣ ልጁ ሳይወለድ ትነሳለች ብዬ ገመትኩ።

ፈታኋት። ሞተሩን አውርጄ በረንዳው ላይ በጆንያ ላይ አስቀመጥኩት፤ የቀረውንም አንድ በአንድ እያጠብኩ ደረደርኩ። አሰላ ብርዱ ክፉ ነው፤ ጠዋት የነካሁት ብረት ሁሉ ጣቴ ላይ ይጣበቃል። ናዝሬት ድረስ ወርጄ ያመጣሁት የፒስተን ቀለበት ሰፋ፤ መልሼ ብቀይረው ጠበበ። ይህንን ሁሉ እችለው ነበር። የብረት ጥፋት አይከፋኝም፤ ብረት ይሉኝታ የለውም፣ እኔም እሱን እንደፈለግሁ እሰድበዋለሁ።

ያልቻልኩት አከራዬን፣ የግቢውን ባለቤት ነው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ እዚያው ተወልደው ያረጁ እስላም እናት ነበሩ። ኦሮምኛውንና አማርኛውን እያቀላቀሉ ያወሩኛል፤ «ኢልመ ኮ» ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ጠዋት ጠዋት ወተት ይልኩልኛል፤ ረቡዕና ዓርብ እንደምጾም ስለሚያውቁ ግን በእነዚያ ቀናት ልከው አያውቁም። እንዲህ ያለ ሰው ላይ ቁጣ እንዴት ይወጣል? እሳቸው ደግሞ የጠየቀን ሰው ባዶ እጁን መመለስ አይሆንላቸውም። እኔ ቢሮ ስውል ግቢው የሳቸው ነው፤ በግቢው ያለውም ዕቃ በሳቸው ዐይን የጎረቤት ሁሉ ነው።

መጀመሪያ የሄደው ክሪኩ ነው። ማታ ስመለስ መኪናዋ በድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። የታች ጎረቤታችን ቤት ማእዘኑ ዘሞ ኖሮ፣ ምሰሶ እስኪለውጥ በክሪኩ ደገፍ ያድርገው ብለው ሰጥተውታል። ቀጥሎ የፊተኛው ክዳን ሄደ፤ አንዲት ሴት ባቄላ ታሰጣበታለች ተባልኩ። በጥር ባትሪው ለሠርግ ዘፈን ማጫወቻ ተወሰደ። ከዚያ የኋላው መቀመጫ፣ ባለቤቴ ዴራ ሆና በቀይ ሸራ አልብሳ የሰፋችው፣ ለቅሶ ቤት ወገባቸውን ለሚያማቸው ሽማግሌ ተላከ። እኔ አንዱን ስገጥም ሌላው ይወጣል። አንድ ማታ ጥርሴን ነክሼ፣ እማማ፣ ይህቺ መኪና እኮ ለሚስቴ ናት አልኳቸው። አልተቆጡም።

«የተቀመጠ ዕቃ ዝገት ይበላዋል፣ ልጄ። ሰው ከያዘው አይዝግም» አሉኝ። ቀጥለውም ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብለው አጽናኑኝ። ያን ተረት ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠልቼዋለሁ።

የመጨረሻው ወር ሲገባ ባለቤቴን ከእንግዲህ በጭነት መኪና እንዳትመጪ አልኳት። እኔ መጥቼ እወስድሻለሁ። እሺ አለች፤ አምናኝ ነው እሺ ያለችው። ይህ እሺታዋ እንቅልፍ ነሳኝ። በቆጠራዋ መሠረት ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩን፣ አንድ ቅዳሜ ቱግ ብዬ ተነሳሁ። ዛሬ ይሉኝታ የለም፣ ዕቃዬን ሁሉ ከየቤቱ እሰበስባለሁ ብዬ ወጣሁ።

ባቄላ የምታሰጣው ሴት ክዳኑን ስጠይቃት ጎንበስ ብላ እርጥቡን ባቄላ በነጠላዋ ትቋጥር ጀመር። አይቼ አልቻልኩም፤ እስኪደርቅ ይቆይ ብዬ ሄድኩ። የታች ጎረቤታችን ጋ ስደርስ ክሪኩ አሁንም ማእዘኑን ተሸክሞ ቆሟል፤ ምሰሶው አልተገኘም። ሰውየው ትሑት ነው።

«ውሰደው፣ የአንተው ነው» አለኝ። «ብቻ መጀመሪያ ልጆቹን ከቤት ላውጣ።»

ለሱም ተውኩለት። ሠርጉ ቤት ስሄድ ባትሪው የለም፤ አንድ ባለ ጭነት መኪና የራሱ ባትሪ ቢሞትበት እነሱ ደግሞ አውሰውታል። ለቅሶው ቤትም መቀመጫውን ያው ባለ ጭነት መኪና፣ መገጣጠሚያቸውን የሚያማቸውን እናቱን ወደ ቆላው ሊያደርስበት ወስዶታል። ዕቃዬ ከኔ በላይ ዘመድ አፍርቷል። የሰውየው ቤት ከከተማው መውጫ፣ ወደ ናዝሬት በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ሚስቱ ትላንት ዴራ ወርዷል፣ ዛሬ ይመለሳል አለችኝ። ግባና ጠብቅ ብትለኝ እምቢ ብዬ መንገዱ ላይ ቆምኩ። የምናገረውን አዘጋጀሁ። ስድብ አልነበረበትም፤ ግን ከስድብ የሚብስ ነገር ነበር።

ከሰዓት በኋላ ያቺ አሮጌ ጭነት መኪና ዳገቱን እያቃሰተች መጣች። ቤቱ በር ላይ ትቆማለች ስል አልፋኝ ሄደች። ደሜ ፈላ። ቁም እያልኩ በኋላዋ ሮጥኩ። ሾፌሩ በመስተዋት አይቶኝ ትንሽ አለፍ ብሎ አቆመና አንገቱን አውጥቶ ወደ ላይ ጠቆመኝ፤ ውጣ፣ ቶሎ ውጣ አለኝ። ጎማውን ረግጬ ወጣሁ።

ጆንያዎቹ መሀል ቀዩ መቀመጫ ተነጥፏል፤ ባለቤቴ በላዩ ተኝታለች። የክሊኒኩ ባልደረባዋ ትከሻዋን ይዛታለች። ምጡ ያለ ጊዜው መጥቶ ነበር። አከራዬ ሾፌሩን፣ ዴራ በወረድክ ቁጥር የልጄን ሚስት ሳትጠይቅ እንዳትመለስ ብለውት ኖሮ፣ ሰላም ሊላት ቢገባ ስታምጥ አገኛት። እናቱን ያደረሰበት መቀመጫ ገና ከላይ እንዳለ ነው ያሳፈራት። እጇን ያዝኩ። ፊቷ በላብ ርሷል፤ ግን ዐወቀችኝ።

«መቀመጫው ይመቻል» አለች። ምጡ እስኪያልፍላት ዐይኗን ጨፈነችና ደግማ ገለጠችው። «የቀረውስ የት ደረሰ?»

አንዱ የሰው ቤት ደግፎ፣ አንዱ ባቄላ ተሸክሞ ምን ልበላት? ደርሰናል፣ ደርሰናል ብቻ አልኳት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሴት ልጅ ወለደች፤ ሁለቱም ደህና ሆኑ። ደስታዬ ሙሉ ነበር ብል እዋሻለሁ። አምላኬን አመሰገንኩ፣ ሾፌሩንም ጉልበቱን ልስም ምንም አልቀረኝም። ያን ሁሉ ወር በብርድ ጣቴ የተሰነጣጠቀው እኔ ላመጣት ነው፤ እኔ ግን በኋላዋ ስሮጥ ነው የተገኘሁት።

ይባስ ብሎ አከራዬ ለጠያቂው ሁሉ፣ የልጄ መኪና ናት ያመጣቻት ይላሉ። ገንፎ ሊበላ የመጣ ሁሉ እጄን እየጨበጠ፣ እንኳን መኪናህ ደረሰችልህ ይለኛል። መኪናዬ እኮ ግቢ ውስጥ ድንጋይ ላይ ናት ብዬ ሳስረዳ ትሕትና ይመስላቸዋል። በመጨረሻ አልቻልኩም፤ እንግዳው ሲወጣ ሄጄ፣ እማማ፣ ለምን እንዲህ ይላሉ፣ ሰው ይታዘበኛል አልኳቸው።

ሕፃኗን ታቅፈዋል። ቀና ብለው አዩኝ።

«ዴራ ሜዳ ነው፤ እንደዚህ እንደኛ አገር ቁልቁል ለቀው አያስነሷትም። ባንተ ባትሪ ባይሆን ያቺ አሮጌ እዚያ ትነሳ ነበር? ይህችስ ልጅ የመጣችው በማን መቀመጫ ነው?»

«በኔ ነው፣ እማማ።»

«ታዲያ የቀረው ምንድን ነው?»

«ሞተሩ!» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎብኝ ነበር፤ ሕፃኗ ተንቀሳቀሰች።

እሳቸው ፈገግ እንኳ አላሉም። አሰብ አደረጉና፣ ያለ ጥፋቱ እንደተወቀሰ ሰው ቅር ብሏቸው መለሱልኝ።

«እሱንማ ማንም ሰው አልጠየቀኝም፣ ልጄ። ይኸው በረንዳህ ላይ አለ።»