ያላጎረሱኝ ሽማግሌ

የያዙኝ ቀኝ እጄ ላይ የተተከለው ቆዳ ገና ሳይላመደኝ ነው። የላምባ ምድጃ ተቀጣጥሎ የእጄን ጀርባ እስከ ጣቶቼ ድረስ ክፉኛ አቃጥሎት፣ ሐኪሞች ከጭኔ ቆዳ አንስተው ከተከሉልኝ ሦስተኛ ሳምንቴን ይዤ ነበር። ሊወስዱኝ የመጡት ሰዎች ፋሻውን አይተው በካቴናው ጉዳይ ትንሽ ተከራከሩ፤ በመጨረሻ ግራ እጄን ከአንዳቸው እጅ ጋር አሰሩት። ለሚያየን ሰው ተያይዘን የምንሄድ ወዳጆች እንመስል ነበር።

የክፍሉ በር ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ የእግር ሽታ ነው። ቀጥሎ አንድ ሰው "እጁን! እጁን እንዳትነኩት!" ብሎ ጮኸ። አዲስ ገቢ በሩ ሥር መተኛቱ የክፍሉ ደንብ ሆኖ ሳለ ለእኔ ጥጉን ለቀቁልኝ። ከየቤታችን የሚመጣውን ምግብ አንድ ላይ እንበላ ነበር። እጄን ስሰድ አንዱ ይይዘኛል፣ ሌላው ያጎርሰኛል። "አንተ እጅህን አሳርፍ" ይሉኛል። በአንድ ማዕድ ከአራት ሰው ጉርሻ የምቀበል ቅምጥል እስረኛ ሆንኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ፋሻው ሲወልቅ ጣቶቼ አልታጠፍ አሉ። ጠባሳው ቀልቶና አብጦ እንደ ከበሮ ቆዳ ተወጥሯል። እኔ መምህር ነኝ፤ ጠመኔ መያዝ ካልቻልኩ ምን ልሆን ነው? ከመርማሪዎቹ ይልቅ እሱ አስፈራኝ።

በዚያው ሰሞን አንድ ሽማግሌ ታስረው መጡ። ዕድሜያቸውን በገጠር ጤና ጣቢያ የፈጁ ድሬሰር ናቸው። ገና ሳይቀመጡ እጄን ተቀበሉኝ። ጠባሳውን በአውራ ጣታቸው ሲጫኑት ነጣ፤ ለቀቁትና መልሶ እስኪቀላ በከንፈራቸው ቆጠሩ። ከዚያ ቆንጠጥ አድርገው ውፍረቱን አዩ።

"ቶሎ ይቀላል፤ ገና ጥሬ ነው" አሉ። "ስለዚህ ይታሻል፣ ይሠራበታል። በዚህ እጅህ እንዳትበላ የከለከለህ ማነው?"

ሁሉም አቀረቀረ።

"ከዛሬ ጀምሮ ይህን ልጅ የሚያጎርስ ከእኔ ጋር ይጣላል።"

ጠዋት ጠዋት ቫዝሊን ቀብተው በአውራ ጣታቸው ክብ እየሠሩ ያሹኛል፤ ጣቶቼን አንድ በአንድ ያጥፋሉ። እንባዬ ሲመጣ ስለ አንዲት ክፉ በቅሏቸው ያወሩልኛል። ምግብ ሲቀርብ ደግሞ ወጡ ጭኔ ላይ እየተንጠባጠበ ስታገል ሁሉም እጁን ሰብስቦ ይጠብቀኛል። ሲያጎርሱኝ የነበሩት ዓይናቸውን ያዞራሉ።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ጣቶቼ እንጀራውን ጠቅልለው ያዙ። በጣም ርቦኝ ነበር፤ ጉርሻውን ግን ወደ ሽማግሌው ዘረጋሁት። አፋቸውን ከፍተው ተቀበሉኝ፣ ቀስ ብለው አላመጡ።

"ጨው ያንሰዋል" አሉ።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፤ ጠባቂው በሩን ደበደበ። በሳምንቱ ሽማግሌውን ዕቃቸውን ይዘው እንዲወጡ አዘዟቸው። ወዴት እንደወሰዷቸው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከተፈታሁ ብዙ ዓመቴ ነው፤ አሁን ላስ ቬጋስ፣ ካዚኖ ውስጥ ካርታ አድላለሁ። ተጫዋቾች ከካርታው ይልቅ እጄን ያያሉ። የዚህ አገር ድርቀት ጠባሳውን ስለሚያሳክከው በቅርቡ ከሺፍቴ በፊት ስፕሪንግ ቫሊ ወዳለ ክሊኒክ ጎራ አልኩ። ቴራፒስቷ እዚሁ የተወለደች የእኛው ልጅ ናት። ተጫነችው፣ ቆጠረች፣ ቆንጠጥ አደረገችው፣ ኮምፒውተሯ ላይ ጻፈች።

"ጋሼ፣ እጅህን ክሎዝ አድርግ። ዋው፣ ፉል ይታጠፋል! ማን ነው ቴራፒ ያደረገልህ?"

"አብረውኝ የታሰሩ ሽማግሌ።"

ቀና ብላ አየችኝ።

እስር ቤቱ ናፈቀኝ ብል ውሸት ነው። ሰዎቹ ግን ይናፍቁኛል፣ በጣም ይናፍቁኛል፤ በደግነታቸው እጄን ሊያሳጡኝ የነበሩትም ጭምር። እንዲህ ተጨንቆ የሚያጎርሰኝ ሰው ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም።

"ኦኬ፣ ሎሽን አድርገህ ማሳጅ ታደርገዋለህ" አለች ልጅቷ ወንበሯን እየሳበች። "እንዴት እንደሆነ ላሳይህ?"

አውቀዋለሁ አላልኳትም።

"አሳዪኝ፣ ልጄ" አልኩና እጄን ሰጠኋት።