የጋሽ ቱፋ ግራ ዓይን

ቅዳሜ ጠዋት ከለገሃር በሦስተኛ ማዕረግ ተሳፈርኩ። ጉዳዬ የባቡር ጥገና አንጥረኛ የነበሩትን ጋሽ ቱፋን በእርሳስ መሣል ነው። ሰኞ ለቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ይገባሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ፣ "አንድ ፎቶግራፍ እንኳ የለው፤ ካልተመለሰ መልኩን በምን አየዋለሁ?" ብለው ልከውብኛል። ሳምንቱን ሙሉ ሳስተምር ሰንብቼ ገና ሳልደርስ ደክሞኝ ነበር።

አቃቂ ስወርድ ፋብሪካው ፈረቃ እየለወጠ ነበር። ከሠራተኛው ጋር እየተጋፋሁ ጭቃውን አቋርጬ እነ ጋሽ ቱፋ ወደሚኖሩበት ወደ በሰቃ ሰፈር ወጣሁ። መንገድ ላይ ከአንድ የስልጤ ሱቅ ዳቦ ገዛሁ፤ ግማሹ ለምሳዬ፣ ግማሹ ለሥራዬ። የምከተለው ከመቶ ዓመት በፊት የነበሩ የፈረንጅ ሠዓሊዎችን ዘዴ ነው። ላጲስ ወረቀት ያቆስላል፣ የዳቦ ለስላሳው ግን እርሳሱን ብቻ ያነሣል። ፊቱ በደረቅ እርሳስ በቀጫጭን መስመር ይሠራል፤ ለስላሳው እርሳስ ለፀጉርና ለኮሌታ ብቻ ነው።

አራት ሰዓት

የጋሽ ቱፋን ግራ ዓይን ድሮ የብረት ፍንጣሪ አጥፍቶታል። እንዳይታይባቸው ብዬ ወደ ጎን አዙሬ አስቀመጥኳቸው። ፍርፋሪ መሬት በወደቀ ቁጥር ወይዘሮ አስካለ እያነሡ ይስማሉ። ስጨርስ ሥዕሉን ተቀብለው አዩት።

"ባለ አንድ ዓይን አደረግኸው? ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ እንዲህ በጎን የሚሣለው ማነው? ሰይጣንና ይሁዳ አይደሉም?"

አፈርኩ። በልጅነቴ ስፈራው ያደግሁትን ሥዕል የፈረንጅ መጽሐፍ አስረሳኝ።

"ተይው አስካለ፣ ደክሞታል" አሉ ጋሽ ቱፋ።

"አንተስ አልደከመህም? ልጆችህ ይህን አይተው ምን ይላሉ?"

የነበረኝ ደህና ወረቀት እሱ ብቻ ነው። ገለበጥኩትና ፊት ለፊት ጀመርኩ። ግራው ዓይን ላይ ስደርስ እጄ ቆመ።

"እንደ ቀኙ ላድርገው?"

"የለም፣ እንዳለ ሣለው" አሉ ወይዘሮ አስካለ። " በጨው ውሃ ስንት ወር ያጠብኩት ዓይን ነው። ከደህናው ይልቅ እሱን አውቀዋለሁ።"

ጋሽ ቱፋ አንገታቸውን ደፉ። እንደገና ቀና እስኪሉ ጠበቅኩና የተከደነውን የዓይን ቆብ በደረቁ እርሳስ መስመር በመስመር ሠራሁት።

አሥራ አንድ ሰዓት

ከጀርባው ያለውን የፊተኛውን ሥዕል በቀረው ዳቦ ላጥፋው አልኩ።

"ዳቦህን ብላ፣ ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመስክም" አሉ ወይዘሮ አስካለ። "ያኛው ወደ ግድግዳ ይዞራል።"

በባቡሩ ውስጥ ደረቁን ዳቦ እያኘክሁ ተመለስኩ። ቤቴ ገብቼ እጄን ሳልታጠብ ጋደም አልኩ። ከእንግዲህ ሰው ስሥል፣ በየት በኩል እንደሚቀመጥ አስቀድሜ የምጠይቀው አብሮት የኖረውን ነው።