ሆድ ያወጣው ካብ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት መሥሪያ ቤቱ የሰጠኝ ወንበር ነው። መዶሻና ቱምቢዬን ይዤ ነበር የሄድኩት፤ የጥንት ቤቶችን እንድጠግን ግንበኛ ብለው ቀጥረውኛል። የቅርስ ክፍሉ ኃላፊ አቶ ታምራት መዶሻዬን አዩና፣ «ይሄን ከበሩ ኋላ አድርገው፣ እንግዳ ይመጣል» አሉኝ። እንግዳ አልመጣም። እኔም ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ክረምቱን ጨረስኩ።

በኋላ ግን መንዝን ዞርኩት። ከሞላሌ እስከ ራቤል ስንት አሮጌ ካብ በእጄ አለፈ። ያለ ጭቃ፣ ድንጋይ ለድንጋይ እያናከሱ መካብ የአገራችን ሙያ ነው። ቢሮ ተቀምጠው «ኋላ ቀር አሠራር» የሚሉት ሰዎች ራሳቸው የተወለዱት በድንጋይ ካብ ቤት ውስጥ ነው።

አባ ተክሌ የአንድ ገጠር ቤተ ክርስቲያን ገበዝ ናቸው። የብራና መጻሕፍቱ ያሉበት ዕቃ ቤት ተዳፋት ላይ ነው የተሠራው፤ ከሥሩ ደግፎ የያዘው ካብ ነው። ካቡ ሆድ አወጣ። እኛ ግንበኞች ካብ ወደ ውጭ ሲነፋ እንዲህ እንላለን።

«ፈርሶ ካልተካበ ብዙ ክረምት አይችልም» አልኳቸው።

«እንግዲያስ ልጄ፣ መጻሕፍቱ ሳይበላሹ ድረስልኝ» አሉ።

ለአለቃዬ አመለከትኩ። በዚያው ሰሞን ከጃፓን ግብዣ መጣ። አንድ ጥንታዊ ግንብ የሚያስጠግኑ ሰዎች፣ ስለ ድንጋይ ሥራ ልምድ እንለዋወጥ ብለው ስድስት ሰው ጠሩ። አምስቱ ኃላፊዎች ሆኑ። እኔ የተጨመርኩት ደብዳቤው «በእጁ የሚሠራ ሰው ይኑርበት» ስለሚል ብቻ ነው። አቶ ታምራት ከረባት አሰሩልኝና፣ «እዚያ ስትደርስ ብዙ አትናገር» ብለው መከሩኝ።

ግንቡ ነጭ ነው፤ ፎቅ በፎቅ ላይ የተደራረበ። ጫማችንን አስወልቀው አስገቡን። ውስጡ ሙዚየም ነው፤ የብረት ጥሩር፣ ቀንድ ያለው የራስ ቁር፣ ሰይፍ፣ ሁሉም መስታወት ውስጥ። ኃላፊዎቻችን ከራስ ቁሩ ጋር ፎቶ ለመነሣት ተሰለፉ። አቶ ታምራት ሦስት ጊዜ ተነሡ፤ ሁለቱን ጊዜ ዓይናቸው ተጨፍኖ ነበር።

ላይኛው ፎቅ የወጣነው በአሳንሰር ነው። ምሰሶውን በጣቴ መታ መታ አደረግኩት፤ ሲሚንቶ! አስተርጓሚያችን እዚያው የምትማር የደሴ ልጅ ናት። የጥንቱ ተቃጥሎ፣ ይሄን በአባቶቻቸው ዘመን እንደገና እንዳቆሙት ነገረችኝ። በሆዴ ሳቅኩ። ሲሚንቶ ለማየት ከሆነ አዲስ አበባ ምን አነሰን?

ታች ስንወርድ ግን ሳቄ ቆመ። ግንቡ የተቀመጠው እንደ እኛው ያለ ጭቃ በተካበ ድንጋይ ላይ ነው፤ ቁመቱ የትልቅ ባሕር ዛፍ ያህላል። አንዱ ጎኑ ፈርሶ እየተካበ ነበር። የግንበኞቹ አለቃ እጃቸው እንደኔው የተሰነጣጠቀ ሽማግሌ ናቸው። እያንዳንዱን ድንጋይ ቁጥር ጽፈውበት ሜዳው ላይ ዘርግተውታል። ከፊተኛው ድንጋይ ኋላ ውሃ እንዲወርድበት ብዙ ጠጠር ይሞላሉ። ካቡ እንዴት ተነፍቶ እንደነበር ሊያሳዩኝ መዳፋቸውን ከሆዳቸው ፊት ራቅ አድርገው ያዙ። ለዚህ አስተርጓሚ አላስፈለገኝም።

«እንደ ላዩ በሲሚንቶ ለምን አትደፍኑትም?» ብዬ አስጠየቅኩ።

«ሲሚንቶ ውሃውን ያፍነዋል። የታፈነ ውሃ ካቡን ገፍቶ ይጥለዋል» አሉ ሽማግሌው። ወደ ግንቡ እየጠቆሙም፣ «ያም አርጅቶ ምን እንደምናደርገው ጨንቆናል» አሉ።

ይህን ከቡድናችን የሰማሁ እኔ ብቻ ነኝ። ሌሎቹ የማስታወሻ ዕቃ መሸጫው ውስጥ ነበሩ።

ስንመለስ የሪፖርት ስብሰባ ተጠራ። ከመግባታችን በፊት አቶ ታምራት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ለሚመጣው ጉዞም ስምህን አስገብቻለሁ» አሉኝ። ከዚያ መድረክ ላይ ወጥተው፣ «ጃፓን እንኳ በዚያ ሥልጣኔዋ ግንቧን በሲሚንቶ ነው የሠራችው። እኛስ ከማን አንሰን?» አሉ። ተጨበጨበ። የአባ ተክሌ ካብም በሲሚንቶ እንዲለሰን ተወሰነ።

እኔ አፌን ዘጋሁ። ለአንድ የአውሮፕላን ወንበር ስል ዘጋሁ። በዚያ አዳራሽ ከነበረው ሁሉ የከፋሁት እኔ ነኝ፤ እነሱ አያውቁም፣ እኔ አውቃለሁ። ልስኑንም የለሰንኩት በገዛ እጄ ነው። አምሮ ነበር። ሪባን ተቆረጠለት።

ነሐሴ ላይ ካቡ ወደቀ፤ የዕቃ ቤቱንም ግድግዳ ይዞት ወረደ። ስደርስ አባ ተክሌ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ከጭቃው ውስጥ ብራና ይለቅማሉ። ቀለሙ ታጥቦ፣ የተጻፈበትና ያልተጻፈበት አይለይም። ቀና ብለው አዩኝ።

«እዚያ አገርም እንዲህ ነው የሚሠሩት?»

«አይደለም፣ አባ።»

«አይተህ ነበር?»

«አይቻለሁ።»

ወደ ጭቃው ተመልሰው አጎነበሱ። እኔም አጠገባቸው ጎንበስ ብዬ መልቀም ጀመርኩ። ሂድም ቆይም አላሉኝም።

አቶ ታምራት ሁለተኛውን ጉዞ ሄዱ። ካቡ በተመረቀ ዕለት የተነሣውን ፎቶ እያሳዩ ስለ ቅርስ ጥገና ንግግር አደረጉ አሉ። የእኔ ስም ተሰርዟል።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ለተተኪ ግንበኞች ያለኝ ይህ ነው። የድሮ ካብ በሲሚንቶ አይለሰንም፤ ውሃ መውጫ ይፈልጋል። ይህን አለቃ አያውቅም፣ ግንበኛ ያውቃል። ስለዚህ ስብሰባው ላይ መናገር ያለበት ግንበኛው ነው።