አንዱን ጫማ ብቻ
ሴትዮዋ ዳካርን ብቻዋን በእግሯ ስትዞር ውላ ከዓሣ ጠባሿ ከንጎኔ ዘንድ አረፈች። የጫማዋ ተረከዝ ባንድ ጎኑ ተበልቷል፤ ስትቀመጥም ያወለቀችው አንዱን ጫማ ብቻ ነው፤ ሌላው እግሯ አሁንም መንገድ ላይ ያለ ይመስላል።

«እትዬ፣ ባለቤትዎ እንዲህ ብቻዎን ለቀቁዎት?» አለቻት ንጎኔ።

«እሱ መቀመጥ ይወዳል። ሃያ ዓመት አብሬው ተቀመጥኩ፤ ይበቃኛል!» ሴትዮዋ የዓሣውን ጭንቅላት እየጋጠች ሳቀች።

ንጎኔን ቅናት አንገበገባት። ከምድጃዋ ፈቀቅ ስትል ባሏ ስለሚቆጣ፣ ተወልዳ ያደገችበትን ከተማ ወደብ እንኳ ረግጣው አታውቅም።

በአገሩ ደንብ መንገደኛ የሚሰናበተው በግራ እጅ ነው፤ በግራ የመጨባበጡን ስህተት ሊያርም ተመልሶ እንዲመጣ። ሴትዮዋ ልትሄድ ስትነሳ ግን ንጎኔ ግራዋን ከሽርጧ ሥር ደብቃ ቀኟን ዘረጋችላት።

አንዷ እንኳ ሄዳ ትቅር።