የመሪጌታ መቋሚያና ሲስተር ጥሩወርቅ

የመቋሚያ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ሳቄ ይመጣል፤ ማኅሌት ላይም ቢሆን። ካህናቱ ወለሉን ደቅ፣ ደቅ ሲያደርጉት ነጠላዬን አፌ ላይ እይዛለሁ፤ አጠገቤ ያሉት ሴቶች ተመስጬ የማለቅስ ይመስላቸዋል። እኔ ግን በረኪና ወደሚሸተው የመንዝ ሆስፒታል፣ ወደ ሲስተር ጥሩወርቅ ተመልሻለሁ።

ሲስተር ጥሩወርቅ የዚያው የመንዝ፣ የራቤል ከተማ ልጅ ነበረች። በነጩ ጋውን ላይ ወፍራም አረንጓዴ ሹራብ ትደርባለች፤ እስክሪብቶዋን ፀጉሯ ውስጥ ትሰካለች። ማዳመጫዋን በሽተኛ ሆድ ላይ ከማሳረፏ በፊት በመዳፏ አሽታ ታሞቀዋለች። በመንዝ ብርድ የቀዘቀዘ ብረት ሰው ላይ ማስቀመጥ ኃጢአት ነው ትል ነበር።

ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ በደብራችን የተከበሩ መሪጌታ ናቸው። አንጀታቸው ተጠማዝዞ፣ ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተወጥሮ ሆስፒታል ደረሱና በዚያው ቀን ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። እናቴ እኔን የምትተውበት ዘመድ ስላጣች አብሬያት ሰነበትኩ።

በማግስቱ ሲስተር "መሪጌታ፣ ይነሱ፣ እንራመድ" ስትላቸው ሊጠይቁ የመጡት አማቶቻቸው ጮኹባት።

"ኧረ ልጄ፣ ስፌቱ ይተረተራል! ይልቅ ባናውን ደርቢላቸውና ይተኙ!"

እሷ አልተቆጣችም። ጋቢያቸውን አጣጥፋ ሆዳቸው ላይ አስያዘቻቸው። "ሲያስልዎትም ሲነሱም በዚህ ጫን ያድርጉት፤ ስፌቱ የትም አይሄድም። የተኛ አንጀት የሚነቃው ሰውዬው ሲራመድ ነው" አለቻቸው። አባቴም መቋሚያቸውን ተደግፈው እስከ በሩ ሄዱ።

ዋናው ጣጣ ሌላ ነበር። አንጀታቸው ሥራ መጀመሩ እስኪታወቅ አንዲት ጉርሻ አይፈቀድላቸውም፤ የሚጠበቀው ምልክት ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሲስተር ጠዋት ጠዋት ካርዱን ይዛ ትመጣና ትጠይቃለች፦

"መሪጌታ፣ ፈስ ወጣ?"

በስመ አብ! አማትና የዜማ ተማሪያቸው በተሰበሰበበት! አባቴ እንደተከሰሰ ሰው ቀና ይሉና "እንዲህ ያለ ነገር ከእኔ አይጠበቅም" ይላሉ። ካርዱ ላይ "አልወጣም" ተብሎ ይጻፋል። ግሉኮሱ ይንጠባጠባል፤ አባቴ ይከሳሉ። በሦስተኛው ቀን ሐኪሙ እናቴን ጠርተው፣ እስከ ነገ ጠዋት ለውጥ ከሌለ ወደ ትልቅ ሆስፒታል እንደሚላኩ፣ ሆዳቸውም ዳግም ሊከፈት እንደሚችል ነገሯት። "ሁለተኛውን አይችሉትም" ብላ አለቀሰች። እኔም አባቴ ሊሞቱብኝ ነው ብዬ ጉያዋ ውስጥ ተወሸቅሁ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ሲስተር ሆዳቸውን ዳሰሰች፤ ከዚያ ማዳመጫዋን አሙቃ ለረጅም ጊዜ አዳመጠች። አንጀታቸው ሲጮህ ሰምታ ኖሮ ቅንድቧ ተነሳ። አንዴ የአባቴን ፊት፣ አንዴ የተደረደሩትን አማቶች አየች። ከእናቴና ከእኔ በቀር ጠያቂውን ሁሉ አስወጣችና ወደ ጆሯቸው ጎንበስ አለች።

"መሪጌታ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። እርስዎ ትንፍሽ አይበሉ። ያ ነገር የወጣበትን ቀን ስጠራ በመቋሚያዎ ሁለት ጊዜ መሬት ይምቱ። ዛሬ ነው?"

አባቴ ጣራ ጣራውን አዩ።

"ትናንት?"

መቋሚያው ካለበት አልተነሳም።

"ከትናንት ወዲያ?"

ደቅ፣ ደቅ።

ሲስተር ጥሩወርቅ ካርዷን አልጋው ላይ ወርውራ እልልታዋን አቀለጠችው። እናቴ ተከተለቻት፤ እኔም ተከተልኩ። ውጭ የነበሩት "ምን ተገኘ?" እያሉ ገቡ። እናቴ "ተሻላቸው!" ከማለት በቀር ትንፍሽ አላለችም፤ እነሱም ምን እንደሆነ ሳያውቁ እልል አሉ። ከጎን የተኙት በሽተኞች ሳይቀሩ አጨበጨቡ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ፊታቸውን በጋቢ የሸፈኑት አባቴ ብቻ ነበሩ። ሐኪሙ መጥተው አዩዋቸውና "ምግብ ይጀመርላቸው" አሉ፤ መጀመሪያ ውሃ ፉት አሉ፣ ከዚያ ቀጭን የገብስ አጥሚት።

ዛሬ እኔም ነርስ ነኝ። ሲስተር ጥሩወርቅ ወዴት እንደተዛወረች አላውቅም፤ ሳላመሰግናት መቅረቴ ይቆጨኛል። ሆዱን የተሰፋ ሽማግሌ በገጠመኝ ቁጥር ግን ጠያቂውን አስወጥቼ ማዳመጫዬን አሞቃለሁ፤ "ትንፍሽ አይበሉ፣ በምርኩዝዎ መሬት ይምቱ" እላለሁ።

አባቴ ያችን ቃል እስከ ዛሬ ከአፋቸው አውጥተው አያውቁም። ማዕድ ሲቀርብ ግን ጸሎት ያደርሱና፣ ከመጀመሪያዋ ጉርሻ በፊት በመቋሚያቸው ሁለት ጊዜ መሬት ይመታሉ። እንግዳው የጸሎቱ ማሳረጊያ መስሎት "አሜን" ይላል።